ወንድሜ ለልብ ቀዶ ጥገና ወረፋ ላይ ነው፤ እስከዚያ ትንፋሹን ማለማመድ ይጠቅመዋል?

ጥያቄውን እዚህ መድረክ ላይ የለጠፍኩት ሰኞ ማታ ነው። እስከ እሑድ 34 ምላሽ መጣ። መሃል ላይ ወሬው ወደ ጎመንም ወደ ጫትም ሄዷል። አሁን የሚገባ ሰው ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ ከላይ እስከ ታች እኔው ልተርከው። እኛ ቤት ጠቅሞናል። የልብ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ቢሰማው ደስ ይለኛል።

መነሻው ጽሑፍ

የምንኖረው ጅማ ነው። ታናሽ ወንድሜ 27 ዓመቱ ነው። እንጨት ሥራ ላይ ነው፤ ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ ይጠርባል። ልጅ ሳለ ጉሮሮው ቶሎ ቶሎ ይታመም ነበር። ያኔ ማናችንም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። አድጎ ልቡ ላይ ወጣ። ሚትራል የሚባለው የልብ በር አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ይመልሳል። አዲስ አበባ ላይ ይህ በር፣ ማለትም ቫልቩ፣ እንዲቀየር ተወስኖለት ስልክ እየጠበቀ ነው።

ባለፈው ቀጠሮው አንድ ፊዚዮቴራፒስት አይቶት ከቀዶ ጥገናው በፊት የመተንፈሻ ጡንቻዎቹን እንዲያጠነክር መከረው። የልብ ሐኪሙም ተስማማ። መሣሪያዋን ከውጭ የመጣች የአክስታችን ልጅ ይዛለት መጣች። ከእጅ ባትሪ የማትበልጥ ግልጽ ፕላስቲክ ናት። ውስጧ ስፕሪንግ አለ። ጎኗ ላይ ከ9 እስከ 41 የሚደርስ የግፊት ቁጥር ተጽፏል። አፍ ላይ አድርገው አየር ሲስቡ ስፕሪንጉን ካላሸነፉት ምንም አትሰጥም። ካሸነፉት ቀጭ ብላ ትከፈትና አየሩ ሽው ብሎ ይገባል። አፍንጫ መያዝ አለበት። ወንድሜ መቆንጠጫው ስለጠፋበት የልብስ መቆንጠጫ ላይ ጨርቅ ጠቅልሎ ይጠቀማል።

የጠየቅኩት ሁለት ነገር ነው። ይህን ሠርቶ ያየ ሰው አለ ወይ? የታመመ ልብ በዚህ አይደክምም ወይ? ሁለተኛው የእናቴ ጥያቄ ነው። እሱ መሳብ ሲጀምር የአንገቱ ጅማት ሲገተር ታይና ክፍሉን ጥላ ትወጣለች።

ምላሽ 1

ከአጋሮ የጻፉ እናት ናቸው። መጀመሪያ ለወንድሜ ምሕረት ለመኑለት። ባለቤታቸው ከሁለት ዓመት በፊት ደረታቸው ተከፍቶ ልባቸው ተሠርቷል። ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። ያስቸገረው ሳሉ ነው። የተሰፋው እንዳይፈታ ፈርተው አክታቸውን ውጠው ዝም ይሉ ነበር። በአራተኛው ቀን ትኩሳት መጣ፤ የሳንባ ምች ሆነ። ስለ ትንፋሽ ቀደም ብሎ የነገራቸው ሰው አልነበረም። እትዬ ማንንም አልወቀሱም። ቁጭታቸው ግን ከእያንዳንዱ መስመር ይታያል።

ምላሽ 2

ይህን የጻፈው እዚሁ ጅማ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው። ከምላሾቹ ሁሉ ረጅሙ ነው፤ እኔም ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። እትዬን በስማቸው ጠርቶ፣ ባለቤታቸው ላይ የደረሰው የብዙ ሰው ታሪክ እንደሆነ በማስረዳት ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቫልቭ ለመቀየር ብዙ ጊዜ የፍርምባ አጥንት ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። በመጨረሻም በሽቦ ይታሰራል። ልብ ቆሞ ሲሠራ የልብንም የሳንባንም ሥራ ማሽን ይረከባል። ሳንባ በነዚያ ሰዓታት ሥራ ይፈታል፣ ታችኛው ክፍሉም ይጨማደዳል። ታማሚው ሲነቃ ደረቱ ስለሚያመው በጥልቀት አይተነፍስም። አይስልም። አክታው እዚያው ይጠራቀማል። ተጨማድዶ የቀረ ሳንባና የተጠራቀመ አክታ ለምች የተመቸ ቤት ነው።

ከዚያ ስለ ዲያፍራም አብራራ። ከሳንባ በታች እንደ ጉልላት የተዘረጋ ጡንቻ ነው፤ አየር ስንስብ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ወደ እሱ የሚወርደው ነርቭ በልብ ጎንና ጎን ያልፋል። ልብን ለማሳረፍ በሚደረገው ቅዝቃዜ ነርቩ ለጊዜው ሊደነዝዝ ይችላል። ስለዚህ ጡንቻው በጣም በሚፈለግበት ሳምንት ደክሞ ይገኛል። ቀድሞ የጠነከረ ጡንቻ ቢደክምም የሚተርፈው አቅም አለው። የፊዚዮው ነጥብ ይኸው ነው። ለእኔም የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ወረፋው ዝም ብሎ የሚያልፍ ጊዜ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሚሠራበት ጊዜ ነው።

ምላሽ 3 እና 4

አንድ ሰው ቁጥሩ ከየት እንደሚጀመር ጠየቀ። ፊዚዮው ተመልሶ መጣ። በቅድሚያ ታማሚው ባለ በሌለ ኃይሉ አየር ሲስብ ምን ያህል ግፊት እንደሚያመጣ ይለካል። ልምምዱ የሚጀመረው የዚያ ግፊት 30 በመቶ ገደማ ላይ ነው። ወንድሜ ሲለካ 50 አምጥቶ ነበር፤ ስለዚህ በ15 ጀመረ። በቀን 20 ደቂቃ ነው። ለእሱ ጠዋት አስር፣ ማታ አስር ተደርጎ ተከፍሎለታል። ድካሙን ከ0 እስከ 10 ራሱ ይገምታል። ከ5 በታች ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ስፕሪንጉ ትንሽ ይጠብቃል። ዝም ብሎ ማጥበቅ ክልክል ነው። ጀርባ ቀጥ፣ ትከሻ ዘና፣ ሆድ ወደ ፊት ሲነፋ እንዲታይ። መሣሪያዋ በሳሙናና በሞቀ ውሃ ታጥባ አየር ላይ ትደርቃለች። አንዷን መሣሪያ ሁለት ሰው አይጠቀምባትም፤ ሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ይህ ቀልድ አይደለም።

ምላሽ 5 እስከ 9

ምላሽ 5 ላይ አንድ ወጣት ይህ ሁሉ ወጪ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባውም። የልደት ፊኛ ገዝቶ መንፋት እንደሚበቃ ጻፈ። ብዙ ሰው ወደደለት። ምላሽ 6 ግን አረመው፦ ፊኛ መንፋት አየር ማስወጣት ነው፣ ይህ ልምምድ ደግሞ መሳብ። ጡንቻዎቹም ይለያያሉ። እንደ ፊኛ በኃይል መንፋት ለአንዳንድ የልብ ሕመምተኛ እንዲያውም ጥሩ አይደለም።

ምላሽ 7 ላይ አንድ አባት ተደናገሩ። ለልጃቸው ሐኪሙ በባሉን ይሠራላታል ብሏቸው ስለነበር ነገሩን ከፊኛው ጋር አንድ አደረጉት። ምላሽ 8 በትህትና ለየላቸው። የእሳቸው ልጅ በሯ የጠበበ ናት። እንዲህ ላሉት አንዳንዴ ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ገብቶ ጫፉ ላይ ያለው ባሉን በሩን ይከፍተዋል። የወንድሜ ግን የሚያፈስ በር ነው፤ በባሉን አይሆንም። አባትየው አመስግነው ወጡ። ይቺ ትንሽ መስተካከል ውይይቱ ውስጥ ካየኋቸው ሁሉ ደስ ያለችኝ ናት።

ምላሽ 9 ሦስት ኳስ ያላት የሆስፒታል መሣሪያ ያው ናት ወይ የሚል ነበር። አይደለችም። እሷ ምን ያህል እንደሳቡ በኳሱ ታሳያለች እንጂ እንደ ስፕሪንጓ ጡንቻውን አትታገለውም። ከቀዶ ጥገና በኋላ ግን በብዙ ቦታ ትሰጣለች።

ምላሽ 10 እስከ 15

እዚህ ላይ ውይይቱ ጋለ። ምላሽ 10 የሕክምና ተማሪ ናት። በ2006 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ይዛ መጣች። የልብ ደም ሥር ማሻገሪያ ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ፣ ሳንባቸው ላይ ችግር ይመጣል ተብሎ የተፈራላቸው 279 ሰዎች ገብተውበታል። ከፊሎቹ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ 20 ደቂቃ አየር መሳብ ተለማመዱ። የሳንባ ችግር የደረሰባቸው ከተለማመዱት 18 በመቶ፣ ካልተለማመዱት 35 በመቶ ናቸው። የሳንባ ምች ደግሞ 6.5 በመቶና 16.1 በመቶ ሆነ። የሆስፒታል ቆይታቸውም በመካከለኛ ግምት ከ8 ቀን ወደ 7 ወረደ።

ምላሽ 11 ቆጣ ያለ ነው። ጸሐፊው የተማሪዋን ቁጥር አልካደም። የተጠኑት ግን የአውሮፓ ሽማግሌዎች፣ ሕመማቸውም የደም ሥር መዘጋት እንደሆነ አስታወሳት። የእኛ አገር የልብ ታማሚ በአብዛኛው ከጉሮሮ ሕመም በሚነሳው ሩማቲክ ትኩሳት የልቡ በር የተበላሸ ልጅና ወጣት ነው። የአንዱን ቁጥር ለሌላው ማልበስ ሕዝብ ማታለል ነው እስከማለት ደረሰ። የተናገረው ግማሹ እውነት ነው። ቃሉ ግን ለአንዲት ተማሪ ከበዳት። ምላሽ 12 ላይ እሷም መለሰችለት፤ ማንንም እንዳላታለለች፣ ከፊት ያስቀመጠችው የተጠናውን እንደሆነ፣ ጨጓራ የሚልጥ አነጋገር ማንንም እንደማያስተምር ነገረችው።

ምላሽ 13 በመካከል ገባ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ የልብና ትልልቅ የሆድ ቀዶ ጥገና ታማሚዎችን ይዞ 12 ጥናቶችን፣ 695 ሰዎችን አንድ ላይ አይቷል። የሳንባ መጨማደድና ምች ቀንሰው ተገኝተዋል። ሞት መቀነሱ ግን በእርግጠኝነት አልታየም። ጥናቶቹም ትንንሽ ናቸው፤ ተለማማጁ ራሱ መለማመዱን ስለሚያውቅ ውጤቱ ተጋኖ ሊሆን ይችላል። ምላሽ 14 ላይ ቁጡው ሰው ረገብ ብሎ ተመለሰ። ታናሽ እህቱን በዚሁ በሽታ ቀብሯል። ሰው በመሣሪያ ተስፋ አድርጎ በየወሩ የሚወጋውን የፔኒሲሊን መርፌና ቀጠሮውን እንዳይተው ነው የፈራው። ተማሪዋን ይቅርታ ጠየቃት።

ምላሽ 15 የእኔ ነው። ሁለቱንም አመሰገንኩ። ወንድሜ በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌውን እንደሚወጋ፣ አንድም ቀን እንዳላሳለፈ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ለራሴ የወሰንኩት ይህ ነው፦ ልምምዱ ልቡን አይጠግንም። ሳንባውን ለዚያ ሳምንት ያዘጋጅለታል። ይህን ለይቼ ካወቅኩ ወዲህ ጭንቀቴ ቀሏል።

ምላሽ 16 እና 17

ምላሽ 16 የእናቴን ጥያቄ የመለሰችው ነርስ ናት። የታመመ ልብ ይደክማል ወይ የሚለውን አላቃለለችውም። ይህን ልምምድ ሐኪም ሳያይ ማንም በራሱ መጀመር የለበትም። በተለይ የልብ በሩ በጣም የጠበበበት፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ደረቱን የሚያመው፣ ሳንባው ከዚህ በፊት አየር ያፈሰሰበት ሰው ይጠንቀቅ። እየሠራ ካዞረው፣ ደረቱ ከጨነቀው፣ ልቡ ከተንደቀደቀ ወዲያው ያቁም። እግር ማበጥ ከጨመረ፣ ጋደም ማለት ካቃተ ወይ ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ ነገሩ ከልምምድ አልፏል፤ ሆስፒታል ነው። ይህን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለቴ አስደገመችኝ። ምላሽ 17 እሷ እንድጽፍላት ያዘዘችኝ ምስጋና ነው።

ምላሽ 18 እስከ 22

አንድ አናጢ የመጋዝ ብናኝን አነሳ። ትክክል ነው፣ ወንድሜ እስኪሠራለት ከመጥረቢያውና ከመጋዙ ራቀ። ምላሽ 19 የማገዶ ጭስ ጨመረችበት። ቡና በምድጃ ሲፈላ እሱ ውጭ ይቀመጥ ማለቷ ነው።

ምላሽ 20 ላይ አንዲት እናት ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥሮ ማሽተትን፣ ነጭ ሽንኩርት በማር መዋጥን መከሩ። ምላሽ 21 በጣም ጠንከር ያለ ንግግር ተናገራቸው። እኔ አልወደድኩትም። እናትየዋ ያላቸውን ነው የሰጡት። ምላሽ 22 የተሻለ መንገድ መረጠ፦ ማሽተቱን ተወው፣ የሚዋጥ ነገር ሁሉ ግን ለቀዶ ሐኪሙ ይነገር። ነጭ ሽንኩርት በብዛት ሲወሰድ ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ደረት ሲከፈት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ምላሽ 23 እስከ 28

ደም ማርጋት ሲነሳ ሰው ሁሉ ወደ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ሄደ። ብረት ቫልቭ የገባለት ሰው ይህን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ምላሽ 23 ጎመን የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳል ብሎ ከቤቱ እንዲጠፋ አዘዘ። ምላሽ 24 ተቃወመች፤ ራሷ ስድስት ዓመት በብረት ቫልቭ ኖራለች፣ ጎመንም ትበላለች። ዋናው መጠኑ አንድ ሳምንት ተራራ፣ ሌላ ሳምንት ምንም እንዳይሆን ነው። የመድኃኒቷ መጠንም በደም ምርመራዋ እየታየ በዚያው ልክ ይስተካከላል። ምላሽ 25 ይህን አጸደቀ።

ምላሽ 26 ጫት አነሳ። ጅማ ላይ ይህ ቃል ከተነሳ ወሬው አይቆምም። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ስለዚህ ለልብ ሕመምተኛ አይሆንም። ይህን ብቻ ብሎ ቢያልፍ መልካም ነበር፤ እሱ ግን የከተማውን ሰው ሁሉ ሰደበ። ምላሽ 27 ስድቡን በስድብ መለሰ። ምላሽ 28 ላይ የመድረኩ አስተባባሪ ሁለቱንም ገሠጸና ወሬው እንዲመለስ ለመነ።

ምላሽ 29 እስከ 32

ወሬውን የመለሱት አንድ አዛውንት ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንዙማ ያወጣሉ። ሲያወጡ ሆዳቸው እንደሚሠራ፣ አንድ ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ለመጨረስ በወጣትነታቸው እንዴት እንደተለማመዱ ተረኩ። መንዙማስ ለዚህ አይሆንም ወይ? ፊዚዮው ምላሽ 30 ላይ በአክብሮት መለሰላቸው። መንዙማም መዝሙርም ትንፋሽን መቆጣጠርና ከሆድ መተንፈስን ያስተምራሉ። መሣሪያ ያላገኘ ሰው በጥልቀት ስቦ ሦስት ሰከንድ ይዞ መልቀቅን፣ ሐኪም እስከፈቀደው ድረስ በእግር መሄድን፣ ትክክለኛ አሳሳልን ይለማመድ። ጡንቻን የሚያወፍረው ግን ተቃውሞ ያለው መሳብ ነው። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ልጅ ሆነው ውሃ ውስጥ በሸምበቆ ይተነፍሱ እንደነበር ትዝ አላቸው።

ምላሽ 31 የመንገድ ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ከተማዋም ከጅማ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ቀደም ብሎ ደርሶ ማረፍ ይመረጣል። ምላሽ 32 ሁለት ነገር አስታወሰችን፣ ሁለቱንም ረስተናቸው ነበር። አንዱ ጥርስ ነው። የተበላሸ ጥርስ ጀርሙን በደም አድርጎ አዲሱ ቫልቭ ላይ ሊያሰፍር ስለሚችል ቀድሞ መታየት አለበት። ሌላው ደም የሚለግስ ቤተሰብ ነው። በማግስቱ ወንድሜ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ አንድ የመንጋጋ ጥርስ ተነቀለለት። ፔኒሲሊኑን እየወሰደ ቢሆንም ከመነቀሉ በፊት ሌላ መድኃኒት ተሰጥቶታል።

ምላሽ 33 እና 34

የአጋሮዋ እናት ተመለሱ። ባለቤታቸው ከሳንባ ምቹ ከዳኑ በኋላ አንዲት ነርስ ትራስ አስታቀፈቻቸው። ትራሱን ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ሲስሉ ሕመሙ በግማሽ ቀነሰላቸው። ስለዚህ ወንድሜ ትራስ ይዞ እንዲሄድ፣ መሳሉንም ከአሁኑ ትራሱን አቅፎ እንዲለማመድ አደራ አሉኝ። ምላሽ 34 ላይ ፊዚዮው ይህን አጽድቆ ወንድሜ ስንት ላይ እንደደረሰ ጠየቀኝ።

24 ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው። ስልኩ ዓርብ ተደውሏል፤ ረቡዕ እንነሳለን። እናቴ የትራሱን ልብስ ከነጭ ጥጥ ሰፍታ ሁለቴ አጥባዋለች። ማታ ማታ እሱ ራሱ በጠረበው በርጩማ ላይ ቀጥ ብሎ፣ አፍንጫው ላይ መቆንጠጫውን አድርጎ ይስባል። እናቴም አጠገቡ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥርለታለች።